ኔትወርኩ ሙሉ ነው

ጥር 11 ቀን ረፋድ ላይ፣ ጎንደር ጥምቀተ ባሕሩ አጥር ሥር፣ አንድ ሰው ስልኩን በሁለት እጁ ወደ ሰማይ ዘርግቶ ብታዩት ስእለት ላይ ያለ እንዳይመስላችሁ። ቪዲዮ እየላከ ነው። ቪዲዮው ግን አልሄደም። ክቧ ነገር ትዞራለች፤ አሁንም ትዞራለች። ሰውየው ስልኩን ወደ ቀሃ ያዞራል፣ ወደ ፒያሳ ያዞራል፤ አጥፍቶ ያበራል፤ የአውሮፕላኗን ምልክት ይጫናል፣ መልሶ ይለቃል። ከጎኑ የቆመ ጎረምሳ «ኔትወርክ የለም መሰለኝ» ሲለው ይቆጣል። «እንዴት የለም? ሙሉ ነው እኮ! ይኸው፣ አራቱም እንጨት ቆሟል!»

ሁለቱም ልክ ናቸው። እንጨቶቹ የሚናገሩት ስልኩ የማማውን ድምፅ ምን ያህል አጥርቶ እንደሚሰማ ብቻ ነው። ማማው ዘንድ ቦታ ይኑር አይኑር እነሱን አይመለከትም። በሌላ ቀን ያ ማማ የሚያስተናግደው የሰፈሩን ነዋሪ፣ ጥቂት ተማሪና ተሳፋሪ የሚጠብቁ የባጃጅ ሾፌሮችን ነው። በጥምቀት ግን ከደምቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከወገራ፣ ከዳባትና ከደባርቅ የመጣው፣ ከአዲስ አበባ በሮ አዘዞ ያረፈው፣ ከዋሽንግተን የሐበሻ ልብሱን በሻንጣ ይዞ የመጣው ሁሉ በአንድ ደቂቃ ስልክ ከኪሱ ያወጣል። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. የመዘገበው በዓል ነው፤ እዚህ ቆሞ ለዘመድ አለማሳየት አይሆንለትም።

ስልክ አንዳች ነገር ከመላኩ በፊት ማማውን «አስገባኝ» ብሎ መጠየቅ አለበት። ጥያቄው አጭር ጩኸት ነው። ሁለት ስልኮች በአንድ ቅጽበት አንድ ዓይነት ጩኸት ከጮኹ ማማው አይለያቸውም፤ መልስ ያጣው ስልክ ዕጣ የደረሰውን ያህል ጥቂት ይታገሥና ጉልበት ጨምሮ ደግሞ ይጮኻል። ሌላውም እንዲሁ። ሺህ ስልክ እንዲሁ። ያ አውሮፕላኗን የሚጫነው ሰውዬ ደግሞ በተጫነና በለቀቀ ቁጥር ስልኩ ገና ከአገር እንደገባ እንግዳ ራሱን እንደ አዲስ ያስመዘግባል። ወረፋው ሰለቸኝ ብሎ ከወረፋው ይወጣና ከኋላ ይሰለፋል፤ በዚያ ላይ መዝገብ ያዡን አድክሞ።

እኔን የሚገርመኝ መጨናነቁ አይደለም። ጎንደር በጥምቀት ካልተጨናነቀች መቼ ልትጨናነቅ ነው? የሚገርመኝ ቦታ ሲጠፋ ለሰውየው «የለም፣ በኋላ ተመለስ» የሚል አካል አለመኖሩ ነው። ክቧ ነገር «የለም» አትልም። ትዞራለች።

ድሮ እምቢታ ነበረ። ደባርቅ ሆናችሁ አዲስ አበባ ለመደወል የፈለጋችሁ እንደሆነ ቴሌ ቤት ትሄዳላችሁ፤ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ለኦፕሬተሯ ትሰጣላችሁ፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣችሁ ትጠብቃላችሁ። ኦፕሬተሯ ጎንደርን ትጠራለች፤ ጎንደር አዲስ አበባን ይጠራል። ከመካከል አንዱ መስመር በሌላ ሰው ከተያዘ ነገሩ እዚያው አለቀ። ኦፕሬተሯ የጆሮ ማዳመጫዋን ገፋ አድርጋ ትነግራችኋለች እንጂ አታንጠለጥላችሁም።

አክስቴ ግን በዚህ ሥርዓት ተስማምታ አታውቅም።

«እማማ፣ መስመሩ ተይዟል። ይቀመጡ።»

«የኔ እናት፣ አንዴ ብቻ ሞክሪልኝ። አንዲት ቃል ነው የምናገረው።»

«ሰው እየተነጋገረበት ነው እማማ። ሲለቁ እጠራዎታለሁ።»

«ታዲያ ከነሱ ጋር አታስገቢኝም? እኔ እንደሆን አልረብሻቸው። እነሱ ዝም ሲሉ ጠብ አደርጋታለሁ።»

ቤቱ ሙሉ ሰው ይስቃል፤ ኦፕሬተሯም ትስቃለች። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የዓለም መሐንዲሶች ተሰብስበው የተጨቃጨቁበት ጥያቄ እሱ ነው። አንድ ሽቦ ለአንድ ሰው ይሰጥ ወይስ ዝም ባለ ቁጥር ሌላው ጠብ ያድርግ?

ተራዋ ሲደርስማ አክስቴ ንግሥት ነበረች። የእንጨቷን ሳጥን በር ዘግታ እጀታውን ስታነሣ፣ ከደባርቅ ጎንደር፣ ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ያለው መስመር በሙሉ የእሷ ነው። ጃንሆይም ቢመጡ ጎን ለጎን አይገቡም። ብትናገርም የእሷ ነው፣ ዝም ብትልም የእሷ ነው። ከሚፈቀድላት ሦስት ደቂቃ ደግሞ ሁለቱ የሚያልቀው በሰላምታ ነበር። «እንደምን ነህ? እንደምን ሰነበትክ? አንተ ደህና ነህ? ደህና ነህ ወይ?» ከዚያ ትንፋሽ ትወስዳለች፤ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሽቦ የአክስቴን ትንፋሽ ይጠብቃል። ከዚያ «ሦስት ደቂቃ ሞልቷል፣ ይቀጥላሉ?» የሚል ድምፅ ይገባል። አክስቴም «ዋናው ነገር ገና አልተነገረም!» ብላ ትጮኻለች፤ ጩኸቱም ከተማውን አቋርጦ ገበያ ድረስ ይሰማል።

እንዲህ ያለውን ሰላምታ የሚሰፍር ሰው መኖሩ ግድ ነበር፤ ተገኘም። አግነር ኤርላንግ የተባለ የኮፐንሃገን የሒሳብ ሰው፣ የስልክ ኩባንያ ተቀጣሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ማስላት ጀመረ። ይህን ያህል ሰው ይህን ያህል ጊዜ የሚያወራ ከሆነ፣ ከመቶ ደዋይ ጥቂቱ ብቻ «ተይዟል» እንዲባል ስንት ሽቦ መዘርጋት ያስፈልጋል? በ1917 ያወጣው ቀመር እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ መስፈሪያውም በስሙ ተጠርቷል። አንድ መስመር አንድ ሰዓት ሙሉ ከተያዘ አንድ ኤርላንግ ነው። በዚህ ቁና የአክስቴ ሰላምታ፣ ሰላምታው ብቻ፣ በሰዓቱ ውስጥ የኤርላንግ አንድ ሠላሳኛ ይሆናል። ሠላሳ አክስት አንድ መስመር ይበቃቸዋል ማለት ነው፤ ጉዳያቸውን ካልተናገሩ።

ኦፕሬተሯን ያስቀረው ደግሞ ቀባሪ ነው። አልመን ስትራውጀር የተባለ የካንሳስ ሲቲ ሰው፣ ሥራው የቀብር አገልግሎት፣ የሰፈሩ ስልክ አገናኝ የተፎካካሪው ሚስት ነበረች፤ «ቀባሪ አገናኙኝ» ያለ ሐዘንተኛን ሁሉ ለባሏ ትመራበት ነበር ተብሎ ይተረካል። ሰውየው ተናዶ ያለ ሰው እጅ መስመር የሚያገናኝ መሣሪያ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1891 የባለቤትነት መብቱን አገኘ። እኛ ዘንድ እድር ስላለ ይህ ንዴት ሊነሣ አይችልም ነበር። የኛ ኦፕሬተር ማን እንደሞተ ከዘመድ ቀድማ ታውቃለች፤ አውቃም ትደብቃለች፤ ከዚያም መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ እስኪላክ ሟቹን በስልክ የሚጠይቀውን ሰው «መስመሩ አልሠራም» እያለች ትሸኛለች። መንገድ መምረጥ ማለት ይሄ ነው፤ ይህን ማሽን አልተካውም።

ስልክ አገራችን ከገባ ብዙ ቆይቷል። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ፣ ከአዲስ አበባ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘረጋ። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። እነዚህ ሁሉ ግን የሠሩት በአንድ ሕግ ነው፦ መጀመሪያ መንገዱ ይያዝ፣ ከዚያ ይነገር፣ ሲያልቅ ይለቀቅ። መንገድ ከሌለ አትግባ።

ኮምፒውተሮች መነጋገር ሲጀምሩ ይህ ሕግ አስቸገረ። ኮምፒውተር እንደ አክስቴ አይደለም፤ ትንሽ ይናገራል፣ ብዙ ዝም ይላል። ለዝምታ ሽቦ ማስያዝ ኪሳራ ሆነ። ስለዚህ ወሬው በጥቅል በጥቅል ይቆረጥና እየተፈራረቀ በአንድ መስመር ይሂድ ተባለ። እስከዚህ ሁሉም ተስማማ። ከዚያ ተጣሉ።

የስልክ ኩባንያዎቹ ወገን እንዲህ አለ፦ ጥቅሎቹ ይሂዱ፣ ግን መንገዱ አስቀድሞ ይቀየስ። በየመገናኛው ያለ ማሽን በመዝገቡ «በዚህ በር 12 ቁጥር ይዞ የመጣ፣ በዚያ በር 7 ቁጥር ይዞ ይወጣል» ብሎ ይጻፍ። ጥቅሉ ረጅም አድራሻ አይሸከምም፤ ትንሽ ቁጥር ይበቃዋል። በየመገናኛውም ማረፊያ ቦታ ይቀመጥለታል፤ ማረፊያ ከሌለ መንገዱ መጀመሪያውኑ አይከፈትም። ይህ እ.ኤ.አ. በ1976 ኤክስ 25 በሚል ስም ዓለም አቀፍ ደንብ ሆነ። ሌላው ወገን ሉዊ ፑዜን የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሲክላድ በተባለው ኔትወርኩ፣ እያንዳንዱ ጥቅል ሙሉ አድራሻውን ጀርባው ላይ ይዞ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ መንገዱን በየመገናኛው እየጠየቀ ይሂድ አለ። ቢጠፋስ? ይጥፋ፤ ላኪው ደግሞ ይላከው። የፈረንሳይ ፖስታና ስልክ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን ደገፈ፤ የፑዜን ኔትወርክ በጀት ተነፍጎት ቀረ። ሐሳቡ ግን ውቅያኖስ ተሻግሮ ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን እጅ ገባ፤ ዛሬ ኢንተርኔት የምንለው በዚያ ላይ ቆሟል።

ልዩነቱን በቅርብ ማየት የፈለገ የከተራ ዕለት ጎንደር ላይ ይቁም። ታቦቱን በድፍረት አላነሣም፤ መንገዱን ነው የምለው። የታቦቱ መንገድ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ተጠርጓል፣ ቀይ ምንጣፍ በወጣቶች ትከሻ እየተጠቀለለ እየተዘረጋ ይቀድማል፣ መኪና ታግዷል፣ መስቀለኛው ላይ ፖሊስ ቆሟል። ሰንደቁ ይቀድማል፣ ዲያቆናቱ፣ መዘምራኑ፣ ካህናቱ፤ አንዱ ሌላውን አይቀድምም፣ በወጡበት ቅደም ተከተል ይደርሳሉ። ከፊት መተላለፊያ ቢጠብ «ቁሙ» የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ኋለኛው ረድፍ ይቆማል፣ ከሱ ኋላ ያለው ይቆማል፣ እንዲህ እያለ የቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ። ማንም አይረገጥም። ኤክስ 25ም እንዲሁ ነበር፤ ፊት ላይ ጭንቅ ሲኖር ዜናው መስመሩን ተከትሎ ወደ ኋላ ይመጣና ላኪው በር ላይ ይቆማል።

ሕዝቡ ግን በራሱ መንገድ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ በየት እንደሚሄድ እየሄደ ይወስናል። ዋናው መንገድ ሲጠብ በጓሮ ይቆርጣል፣ ሰው ግቢ ገብቶ በሌላ በር ይወጣል፣ ቦይ ይዘላል። አብረው የወጡ አራት ጓደኛሞች በአራት አቅጣጫ ይደርሳሉ፤ መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ይደርስና «የት ቀራችሁ?» ይላል። አንዱ ይጠፋል፤ እናቱ ሌላ ልጅ ትልክበታለች። ይህ ሁሉ ያለ አንድ አስተባባሪ መሆኑ ደግሞ ያስደንቃል፣ ሁሉም በአንድ በር ለመግባት እስከሚወስን ድረስ።

ኢንተርኔትም አንድ ቀን በአንድ በር ልግባ አለ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በሎውረንስ በርክሊ ላቦራቶሪና በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው መስመር ተልፈሰፈሰ። ርቀቱ 400 ሜትር አይሞላም፤ ከፋሲል ግቢ በር ተነሥቶ ፒያሳ እንደመድረስ ነው። በሰከንድ 32,000 ቢት ያሳልፍ የነበረው መስመር ወደ 40 ቢት ወረደ። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር 24 ቢት ስለሚይዝ፣ በዚያ ቀን በርክሊ ውስጥ «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት የፈለገ ሰው መልእክቱ ስድስት ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። በእግሩ ሄዶ ደብተር ሙሉ ጽሑፍ ቢያቀብል ይሻለዋል።

ምክንያቱ አሁን የምናውቀው ነው። ጥቅል ሲጠፋ ላኪው «ጠፋብኝ» ብሎ ደግሞ ይልካል። የጠፋው ግን በመጨናነቅ ነው። ደግሞ መላክ መጨናነቁን ይጨምራል፤ መጨናነቁ ሌላ ያጠፋል፤ ሌላው ደግሞ ይላካል። አውሮፕላኗን የሚጫኑ ኮምፒውተሮች ናቸው። ቫን ጃኮብሰን የተባለ የላቦራቶሪው ሰው ነገሩን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1988 መድኃኒቱን አሳተመ። መድኃኒቱ ማንንም አይከለክልም፣ ዘበኛም አያቆምም። እያንዳንዱ ላኪ ራሱን እንዲገዛ ያስተምራል፦ ስትጀምር ጥቂት ላክ፤ ደረሰ የሚል መልስ በመጣ ቁጥር ጨምር፤ አንድ ጥቅል ከጠፋ በሌላው አታሳብ፣ ፍጥነትህን ግማሽ ቀንስ፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ላይ ተመለስ።

ልብ በሉልኝ፣ ይህ ይሉኝታ ነው። የዓለም ትልቁ ወረፋ የቆመው በይሉኝታ ነው። መሃል ላይ ያሉት ማሽኖች ማን ስንት እንደላከ ዝርዝር አይዙም፤ ሲሞላባቸው ይጥላሉ፣ በቃ። ጥቅል የጠፋበት ሰው ነው «ሰው በዝቷል፣ እኔ ልቀንስ» ብሎ የሚያፈገፍገው። አሜሪካኖች ይህን ያህል ይሉኝታ ከየት አመጡት ብዬ ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ይሉኝታ የሌለው ደግሞ በዚያም አልጠፋም፤ አንዳንድ ፕሮግራም የሌላው ማፈግፈግ ሲሳይ ይሆንለታል፣ ሌሎች ሲቀንሱ የተገኘውን ክፍተት እሱ ይሞላዋል። ሠርግ ቤት ትሪ ሲዞር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም።

መንገድ መምረጥ የሚባለውን ብልሃት በተመለከተ ግን ደጋው ላይ ለሚኖር ሰው ብዙ አይወራለትም። መጽሐፎቹ የታቀደ መስመር ድክመቱ ይህ ነው ይላሉ፦ መሃል ላይ አንድ መገናኛ ከሞተ በሱ በኩል የተያዘው መስመር ሁሉ አብሮ ይሞታል፣ ሁሉም እንደገና መደወል አለበት። አድራሻውን የተሸከመ ጥቅል ግን በሌላ በኩል ይዞራል። ጥሩ ነው፣ ሌላ በኩል ካለ። ከጎንደር ወጥታችሁ ወለቃን፣ ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ገደብዬን፣ ዳባትን አልፋችሁ ደባርቅ እስክትደርሱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ሸንተረሩን ይዞ ይሄዳል፤ ግራና ቀኙ ገደል ነው። ከደባርቅ ወዲያ ጣልያን የቀየሰው ሊማሊሞ አለ፤ እሱን ከጀመራችሁ ወዲያ ምርጫ የሚባል ነገር የለም፤ መውረድ ነው። ሰው፣ መኪና፣ ምሰሶ፣ ሽቦ የሚያልፈው በተገኘው ሸንተረር ነው። ሁለተኛ መስመር በሌለበት ቦታ መንገድ ሠሪው ኤክስካቫተር አንድ ጊዜ ጥርሱን ገመዱ ላይ ካሳረፈ፣ አድራሻ ብትሸከም ምን፣ ቁጥር ብትይዝ ምን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋማ ጥበቡ ሁሉ ለእረፍት ወጣ፤ እሱ የመጨናነቅ ወግ ስላልሆነ አልገባበትም።

በአንጻሩ መንገድ የተትረፈረፈ ለት ደግሞ ጥቅሉ የሚሄድበትን ማየት ያስቃል። ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ቆሞ አንድ ጎረምሳ ሦስት እርምጃ ፊቱ ለቆመች ልጅ ፎቶዋን በቴሌግራም ይልክላታል። ፎቶዋ ማማው ላይ ትወጣለች፤ ጎንደርን ትለቃለች፣ ዓባይን ትሻገራለች፣ አዲስ አበባ ትገባለች፤ ከዚያ በጅቡቲ ወይ በሌላ ጎረቤት በኩል ወጥታ ባሕር ሥር ለሥር አውሮፓ ያለ ሰርቨር ትደርሳለች፤ እዚያ ትመዘገባለች፤ መልሳ ያንኑ ሁሉ አገር አቋርጣ ቀሃ ትመጣለች። ልጅቷ ዞር ብላ ፈገግ ስትል ጎረምሳው ፎቶው የደረሰ ይመስለዋል። ገና ነው። በዓይኑ አስጨንቋት ነው የዞረችው።

የኩባንያዎቹ ወገን ተሸንፎ ቀረ እንዳትሉ። በኋላ በር ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ኤቲኤም የሚባል ኔትወርክ ሲቀየስ (ገንዘብ የሚያወጣው ማሽን አይደለም) መንገድ አስቀድሞ ይያዝ የሚለው ሐሳብ እንደገና ነገሠ። ጥቅሉ ስንት ባይት ይሁን ሲባል አሜሪካኖች 64 አሉ፣ አውሮፓውያን 32 አሉ። ክርክሩ አላልቅ ሲል ሽማግሌ የገባበት በሚመስል መንገድ ሁለቱን ደምረው ለሁለት አካፈሉት፤ 48 ሆነ። አምስት ባይት ለቁጥሩ ጨመሩበት፤ 53። ማንም በ53 ደስ አላለውም፤ እርቅ እንዲህ ነው። ኤቲኤም እንደታሰበው ዓለምን አልገዛም፤ ልጁ ግን ገዛ። ዛሬ ትልልቅ ኩባንያዎች በዋናው ገመዳቸው ላይ የኢንተርኔቱን ጥቅል ተቀብለው ትንሽ ቁጥር ይለጥፉበታል፤ ከዚያ ወዲያ አድራሻውን ማንም አያነብም፣ ቁጥሩ በየመገናኛው እየተለወጠ በተቀየሰለት መንገድ ይነዳል። ኤምፒኤልኤስ ይሉታል። ነጻ ነኝ ብሎ የወጣው ጥቅል መሃል አገር ሲደርስ ምንጣፉ ላይ ነው የሚሄደው፤ አልተነገረውም እንጂ።

የድምፅ ጥሪም እስከ ዛሬ የቴሌ ቤቱን ሕግ አልለቀቀም። ስትደውሉ መጀመሪያ ቦታ ይፈለጋል፤ ካለ ይያዝላችኋል፣ ከሌለ «ቲት ቲት» ይልና ይቆረጣል። ሰዉ ይህን ይጠላዋል፤ ከክቧ ነገር ጋር ግማሽ ሰዓት መቆም ይመርጣል። እኔ ከ«ቲት ቲት» ወገን ነኝ። ገና ደጃፍ ላይ «ሞልቷል» ያለኝ ሰው ጊዜዬን መልሶ ሰጥቶኛል፤ አስገብቶ ያቆመኝ ወስዶብኛል። ግን ጎንደር ተወልዶ ይህን ጮክ ብሎ መናገር አይቻልም። ጎንደሬ ቤት «ሞልቷል» ማለት ነውር ነው። እግር ማስቀመጫ በሌለበት ቤት «ግቡ፣ ግቡ፣ እንጠጋጋለን» ይባላል፤ ትጠጋጋላችሁ፤ ምግቡ በሰው ራስ ላይ እየተቀባበለ ሲያልፍ ታያላችሁ። ፑዜን የጎንደር ሰው ቢሆን ኖሮ በጀቱን የሚነፍገው አይገኝም ነበር።

አክስቴ ግን ከሁለቱም ወገን አልሆነችም። ሞባይል ደባርቅ በገባ ጊዜ አንድ ነገር አስተዋለች። ገንዘብ የሚቆረጠው ሲነሣ ነው። እስኪነሣ ድረስ ያለው፣ ቦታ መፈለጉ፣ መንገድ መያዙ፣ ያኛው ስልክ የት ማማ ሥር እንዳለ ማሰሱ፣ መጥራቱ፣ ይህ ሁሉ ልፋት በነጻ ነው። ስለዚህ ከልጇ ጋር ውል ገባች። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተቋረጠ «ደህና ነኝ» ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ «ደውልልኝ»። ሦስት ጊዜ ከሆነ «ሰው መጥቷል፣ የላክሁት ዕቃ አለ፣ መናኸሪያ ውጣ»። አገሩ ሁሉ ሚስኮል የሚለው ይህ ነው፤ ኩባንያዎቹ መልሰው ይደውሉልኝ የሚል ነጻ መልእክት ቢፈጥሩላትም አክስቴ ከነባሩ አልተላቀቀችም። ኤርላንግ ለዚህ ቀመር የለውም። በአክስቴ ሚስኮል መስመሩ የሚያዘው ሊነገርበት አይደለም፤ መያዙ ራሱ ነው ንግግሩ። በዓል በመጣ ቁጥር ስንት ሺህ አክስት እንዲህ ስትል ማማው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል፣ ማታ ሲቆጥር ኪሱ ባዶ ነው።

ውሉ የፈረሰው ልጇ አዲስ ስልክ የገዛ ዕለት ነው። ገና አንድ ጊዜ ሳይጠራ አነሣው።

«ሀሎ እማዬ!»

«ምነው አነሣኸው? ምነው አነሣኸው አንተ ልጅ? ደህና ነኝ ልል እኮ ነው! ብሬን አስበላኸኝ!»

«እሺ ልዝጋው፣ እኔ ልደውል።»

«ተው፣ ተው! አንዴ ከተቆረጠ ወዲያ ምን ይዘጋል። እንደምን ነህ? እንደምን ሰነበትክ? አንተ ደህና ነህ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ደህና ነህ ወይ?»